ሲዜድ 457 ቫርሚንት፦ ዒላማ ላይ እንዴት ነው? ምን ጥይት ይወዳል? ምን ልቀይርለት?

ሀምሳ ሜትር

ሰላም ወገን። ስለዚህ ጠመንጃ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የቼኩ ፋብሪካ የሲዜድ 457፣ ቫርሚንት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ባለ .22 ኤልአር (ትንሿ ጥይት)፣ ወፍራም አፈሙዝ። የምተኩሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሜትር፣ አልፎ አልፎ በ100። አደን ላይ የሞከረው ካለ እሱ ይጨምርበት።

457 እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ 455ን የተካ ነው። የድሮውን ይዞ የኖረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው የሚያየው መቀባበያው ላይ ነው። የ455ቱ እጀታ 90 ዲግሪ ይነሳ ነበር፤ የዚህኛው 60 ብቻ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽር ዝቅ አድርጎ ለሚያስር ሰው ጣት ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። የደህንነት ቁልፉም ተገልብጧል። በድሮው ወደኋላ ሲሳብ ነበር ለተኩስ የሚከፈተው፤ አሁን ወደፊት ሲገፋ ነው። ሁለቱንም ቤቱ ያስቀመጠ ሰው እዚህ ላይ ነቃ ይበል፤ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ምላጩ ይስተካከላል። ክብደቱም፣ ከመላቀቁ በፊት የሚሄደውም፣ ከተላቀቀ በኋላ የሚቀጥለውም። አፈሙዙ በሁለት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይፈታል። በዚህ ደረጃ ላለ መሣሪያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደምትጠብቁት። ከሚወደው ጥይት ጋር፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከፊትና ከኋላ ከረጢት ላይ አስደግፌ በ50 ሜትር ስተኩስ የአምስት ጥይት ግሩፕ (አምስቱ ቀዳዳዎች የተበተኑበት ስፋት) አማካዩ 15 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የምለካው በጣም ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከመሃል እስከ መሃል ነው። በ50 ሜትር አንድ ኤምኦኤ (የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ) 14.5 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ አንድ ኤምኦኤ ገደማ በሉት። አንዳንዴ አምስቱም ገብተው አንድ የተቦጨቀ ቀዳዳ ይሆናሉ። ያቺን ወረቀት ግን አልለጥፍም። ለምን እንደሆነ እዚሁ መድረክ ላይ ሚሊሜትር የተባለው ሰውዬ መጥቶ ማስረዳቱ አይቀርም።

የ.22 ጥይት ከሌላው የሚለየው ባለቤቱ መልሶ ሊሞላው ስለማይችል ነው። የሚያቀጣጥለው ቅመም ቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተደፍቶ ነው የሚመጣው። ባሩድ ልቀንስ፣ አረር ልቀይር ማለት የለም። ፋብሪካው የሰጠህን ትተኩሳለህ። ያለህ ሥልጣን መምረጥ ብቻ ነው።

እኔ ጋ ላፑዋ ሴንተር-ኤክስ አንደኛ ወጥቷል። ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ በጥቂት ሚሊሜትር ይከተለዋል። ኤሌይ ቴኔክስ ግሩም ነው፤ ግን የእኔ አፈሙዝ ከሴንተር-ኤክስ ለይቶ አላየውም። ከድምፅ የሚፈጥኑት በሙሉ ግሩፑን እጥፍ አደረጉት፤ እነሱን ትቻቸዋለሁ።

የቀየርኩለት ዕቃ? ምላጩን በራሱ ብሎን አስተካከልኩ፣ ከላይ ለመነጽር ማሰሪያ የሚሆን ሐዲድ ጨመርኩ፣ ከባድ የኋላ ከረጢት ያዝኩ። በኋላ በሰደፉ ፈንታ የአሉሚኒየም ሻሲም ገባ። ሻሲው ያምራል፣ ለእጅም ይመቻል። ግሩፑ ግን ወይ ፍንክች። በሻሲው ፈንታ ጥይት ይዤ ብመርጥ ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስካሁን አልለቀቀኝም።

እስቲ እናንተስ?

ቀለህ ሰብሳቢ

ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። «ሴንተር-ኤክስ አንደኛ ወጣ» ትላለህ፤ የትኛው ሎት? በአንድ ዙር የተመረተውን፣ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ የታተመውን ማለቴ ነው።

ያው ስም፣ ያው ሳጥን፣ ያው ቀለም ሆኖ ሎቱ ሲለያይ ሌላ ጥይት ነው። አንድ ምርት ከማሽኑ ሲወጣ የቅመሙ መጠን፣ የባሩዱ ዓይነት፣ የሰሙ ውፍረት ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አፈሙዝህ ደግሞ ያንን ትንሽ ነገር ያውቃታል። ኤሌይና ላፑዋ ተኳሽ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ሎት በሎት እንዲሞክር ለዚሁ የተሠራ የመሞከሪያ ቦታ ያላቸው በከንቱ አይደለም። ለትልቅ ውድድር የሚዘጋጁት የሚመርጡት ስም አይደለም፤ የሚመርጡት ቁጥር ነው።

ስለዚህ «ይህ ጠመንጃ ኤስኬ ይወዳል» የሚባል ነገር ስሰማ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። ጥሩ የሆነልህን ሎት ካገኘህ ሳታመነታ ከዚያው ሎት በብዛት ያዝ። ሲያልቅ ያንኑ ስም ስለገዛህ ያንኑ ጥይት ያገኘህ እንዳይመስልህ።

ለማወቅ ያህል፣ የኤስኬና የላፑዋ ባለ .22 ጥይቶች የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ ነው፤ ጀርመን አገር ሾነቤክ። ስለዚህ ሁለቱ ተቀራርበው መምጣታቸው አይግረምህ።

ጀማሪ ነኝ

ሰላም ጋሼዎች። እኔም 457 ይዣለሁ፤ ገና አዲስ ነኝ። የገባሁበት ግራ መጋባት እዚህ ጋ ነው። እጄ ላይ ያለው በጅምላ የሚሸጥ ፈጣን ጥይት ነው። ፈጣን ከሆነ ነፋስ የሚገፋበት ጊዜ ያጥራል፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት አይደል? እናንተ ደግሞ ቀርፋፋውን ታወድሳላችሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

የነፋስ ጠላት

ጀማሪ፣ የጠየቅከው ጥያቄ ብዙ ነባር ተኳሽ የማይመልሰው ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ስታንዳርድ ፍጥነት የሚባለው የ.22 ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በ326 ገደማ ነው። ከድምፅ በታች ይነሳል፣ ከድምፅ በታች ይደርሳል። ፈጣኑ ደግሞ በ375 ወይም በ380 ይነሳና በመንገዱ ላይ ከድምፅ በታች ይወርዳል።

ችግሩ ያለው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው። በድምፅ ፍጥነት ዙሪያ አየሩ አረሩን የሚይዝበት ጉልበት በጣም ይጨምራል። አረሩ የተወለደበትን ፍጥነት ቶሎ ይጥላል። የጎን ነፋስ ደግሞ አረርን የሚገፋው በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ አይደለም። የሚገፋው አየሩ ባዘገየው ልክ ነው። አየር ባይኖር ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ሰዓት በስንት ዘገየ? ዋናው ሒሳብ እሱ ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ የዘገየው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በ100 ሜትር ፈጣኑ .22 ከቀርፋፋው የበለጠ በነፋስ ይወሰዳል። ሒሳቡን የማያምን ነፋስ ባለበት ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ይተኩስና ይየው።

ለቀርፋፋውም ቢሆን ነፋስ ቀልድ አይደለም። ከጎን በሴኮንድ 2 ሜትር የምትነፍስ ለስላሳ ነፋስ፣ ፊትህ ላይ እምብዛም የማትሰማት፣ በ50 ሜትር አረሩን 1 ሳንቲሜትር ያህል ታንሸራትተዋለች። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ዒላማ ላይ የአስሩ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ነው። አስሩን ሙሉ በሙሉ ተሻገርክ ማለት ነው።

እኔ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የማዘው ቀጭን ዘንግ ላይ የታሰረ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። አንዱን ከፊቴ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ሌላውን መሃል መንገድ ላይ እተክላለሁ። ጥብጣቡ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ እተኩሳለሁ። ወደ ግራ ሄዶ ከቆየ እጠብቃለሁ። ከመሬት ተነስቶ ሲገለባበጥ ደግሞ ጠመንጃውን አስቀምጬ ውኃ እጠጣለሁ። ሰው «ፍላየር» የሚላት ብቻዋን የወጣች ጥይት በአብዛኛው ጥይቷ አይደለችም፤ ያልታየ ነፋስ ነው።

ጀማሪ ነኝ

እንዴ! ነገሩ ተገለበጠብኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

ብረት ወዳድ

አንድ ዓይነት ዘፈን መስማት ሰለቸኝ። «ዕቃ አትቀይሩ፣ ጥይት ምረጡ።» ዕቃ ለውጥ ያመጣል፤ እኔ አይቼዋለሁ።

የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ቫርሚንቱን ይዤ ጀመርኩ። በኋላ አፈሙዙን አወጣሁና የውድድር ቻምበር (ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል) ያለው አስገባሁ። በዚያ ቻምበር ውስጥ መቀባበያው ሲዘጋ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ መስመር ነክቶ ይቀመጣል። ያልተተኮሰ ጥይት መልሳችሁ ካወጣችሁ እርሳሱ ላይ የመስመሩ አሻራ ታትሞ ታዩታላችሁ። አረሩ ሁሌ በአንድ ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ ሻሲ ጨመርኩ፣ ከዚያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰር የማስተካከያ ክብደት። ከ16 ወደ 12 ሚሊሜትር ወርጃለሁ። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ሚሊሜትር

ስንት ግሩፕ ላይ?

ብረት ወዳድ

ይኸው መጣ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ግሩፕ። በቂ አይደለም?

ሚሊሜትር

አይደለም ወንድሜ። አትቆጣኝና ስማኝ።

ከአንድ ጠመንጃ፣ ከአንድ ጥይት፣ ምንም ሳይለወጥ አምስት አምስት እየተኮስክ ብትለካ ግሩፖቹ እኩል አይወጡም። አንድ ግሩፕ ከአማካዩ በሩብ ያህል ቢሰፋ ወይም ቢጠብ ብርቅ አይደለም። አማካዩ 14 የሆነ ጠመንጃ ዛሬ 11 ነገ 17 ይሰጥሃል፤ እሱ ግን ያው ራሱ ነው። አንተ ከ16 ወደ 12 ወረድኩ ያልከው ልዩነት በሁለትና በሦስት ግሩፕ ያለ ምንም ለውጥ ሊመጣ ይችላል። ላይመጣም ይችላል። የማይታወቅ ነው እያልኩህ ነው እንጂ ውሸት ነው አላልኩም።

ሌላው የጥይት ብዛት ነው። የምንለካው በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ስለሆነ ብዙ በተኮስክ ቁጥር ግሩፑ መስፋቱ የግድ ነው። ባለ አምስት ከባለ ሦስት በአማካይ 27 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ባለ አሥር ደግሞ ከባለ አምስት 24 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ የሦስት ጥይት ግሩፕ ይዞ «የእኔ ከአንተ ይበልጣል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በትህትና ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ቆንጆዋን ወረቀት ፎቶ አንስቶ የቀሩትን መጣል ደግሞ የበዓል ቀን ፎቶ አሳይቶ «ሁሌም እንዲህ ነው የምለብሰው» እንደማለት ነው። ሀምሳ ሜትር አልለጥፍም ያለው ለዚህ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ትንንሽ ነጥብ አትማለሁ። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ጥይቶች ካሉ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው አልሄድም። አፈሙዙ ሲሞቅ፣ ፀሐይ ሲዞር፣ ነፋስ ሲነሳ ሁለቱንም እኩል እንዲያገኛቸው ተራ በተራ አመላልሳቸዋለሁ። ከዚያ ሁሉንም ቀዳዳ ቆጥሬ አማካዩን አወጣለሁ። መጥፎዋም ትገባለች። በተለይ መጥፎዋ ትገባለች።

ብረት ወዳድ

እሺ፣ ስለ ማስተካከያ ክብደቱ አልከራከርህም፤ እሱን ደግሜ እፈትሸዋለሁ። ስለ ሻሲው ግን አልለቅም። እናንተ ሁላችሁም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከረጢት ላይ ነው የምትተኩሱት። እኔ የምወዳደረው በርሜል ላይ፣ መሰላል ላይ፣ ጎማ ላይ ተደግፌ ነው። ሰዓቱ ይቆጥርብኛል። እዚያ ላይ ከታች ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሚዛኑ መሃል ላይ የሚያርፍ፣ ጉንጬ የሚቀመጥበት ከፍታ የሚስተካከል ነገር ነጥብ ያመጣል። ወረቀት ላይ ግሩፕ ባያጠብም ነጥብ ያመጣል። ሻሲን በግሩፕ መመዘን ራሱ ልክ አይደለም።

ሀምሳ ሜትር

ይህ ደህና ነጥብ ነው፤ እቀበላለሁ። እኔ የምተኩሰው ተቀምጬ ስለሆነ ያንን ጥቅም ላየው አልችልም። ከላይ የጻፍኩትን «ለወረቀት ተኳሽ» ብላችሁ አንብቡት።

ስለ ውድድር ቻምበሩ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰሙ የወፈረ ጥይት ስትጨምርበት አልጠበበህም? የአንዳንድ ሰው መቀባበያ በግድ ሲዘጋ አይቻለሁ።

ብረት ወዳድ

ይጠብባል። ፈጣኖቹና በጅምላ የሚሸጡት ጭራሽ አይስማሙትም። መዳብ የለበሰ አረር አላስገባበትም። ቻምበሩ ቶሎ ቶሎ መጠረግም ይፈልጋል። ለሁሉም ዓይነት ጥይት አንድ ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው መደበኛውን ይያዝ።

አጭር ክንድ

ሴት ተኳሽ ነኝ፤ ቁመቴም አጭር ነው። ስለ ሰደፍ ስታወሩ ማንም ስለ ልክ አላነሳም።

ከፋብሪካ የሚወጣ ሰደፍ ለአማካይ ወንድ የተሠራ ነው። እኔ ትከሻዬ ላይ ሳስቀምጠው ምላጩ ጋ ለመድረስ ክንዴ ይዘረጋል፣ አንገቴም ወደፊት ይሳባል። ከትንሽ ቆይታ በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ማንም ግን «ጥይትሽን ቀይሪ» ነበር የሚለኝ። የሰደፉን ጫፍ ባለሙያ ቆርጦ የጎማ መደገፊያውን መልሶ ሲገጥምልኝ ግሩፑ ያለ ምንም ሌላ ለውጥ ተሰበሰበ።

የጉንጭም ነገር አለ። መነጽር ያለው ሰው ዓይኑ ከድሮው የብረት ማነጣጠሪያ ከፍ ይላል። ሰደፉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጉንጭ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አገጭ ብቻ ይነካል። እኔ የጠነከረ ስፖንጅ ቆርጬ በጨርቅ ቴፕ ጠመጠምኩበት። አስቀያሚ ነው፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ጠመንጃውን ካነሳሁ በኋላ ዓይኔን ስከፍት መነጽሩ ሙሉ በሙሉ ብርሃን ሆኖ ይጠብቀኛል። መለኪያው እሱ ነው። ጥቁር ጨረቃ በጠርዙ በኩል ካያችሁ ሰደፉ ለእናንተ ልክ አይደለም።

ቀለህ ሰብሳቢ

እህቴ፣ የዚህ ክር ምርጡ ጽሑፍ ያንቺ ነው። ከመነጽሩ ጋር የሚያያዝ አንድ ልጨምር። ጉንጭ ቦታው ላይ ካልረጋ ፓራላክስ የሚባለው ይመጣል። ጭንቅላት ትንሽ ሲንቀሳቀስ የመነጽሩ መስቀል ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠሩ ብዙ መነጽሮች ይህን የሚያጠፉት በ100 ያርድ ወይም ከዚያ በላይ ላይ ነው። ለ.22 ተብለው የሚሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ50 ያርድ። የትልቁን አውጥተህ .22 ላይ ካሰርክ በ50 ሜትር ሚሊሜትሮችህን በነፃ ትሰጣለህ። ርቀቱን የሚያስተካክል ቀለበት ወይም የጎን ቁልፍ ያለውን ፈልጉ። የማጉያ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አሥር ሃያ ሁለት

ከክሩ ትንሽ ልውጣ። የእኔ ሩገር 10/22 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ፣ በራሱ የሚያቀባብል፣ አሥር ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና ያለው። ከ457 ጋር ለማወዳደር የሚፈልግ ካለ እኔ ሁለቱንም ተኩሻለሁ።

በፋብሪካ ሁኔታው ከሆነ ወረቀት ላይ 457 ይበልጠዋል፤ ለምን እንካካድ። በእጅ የሚቀባበለው መሣሪያ ጥይቱን ቀስ ብሎ፣ አረሩን ሳያላጥ ያስገባል። በራሱ የሚያቀባብለው ግን እየመታ ነው የሚያስገባው። ግን 10/22 ለመነካካት ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው። አፈሙዙ በቪ ቅርጽ ብረትና በሁለት ብሎን የተያዘ ስለሆነ በደቂቃዎች ይወጣል። ቢኤክስ የሚባለው የራሱ የሩገር የተሻሻለ ምላጭ 1.25 ኪሎ ገደማ ሲሳብ ይላቀቃል፤ የሚይዙትን ፒኖች መትቶ አውጥቶ ሙሉውን ማስገባት ብቻ ነው። እኔ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። አፈሙዝ በኋላ ነው የመጣው።

ጥይት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እናንተ ያወደሳችሁት ቀርፋፋ ጥይት በአንዳንድ 10/22 ላይ ቀለሁን ሙሉ በሙሉ ለመወርወር ጉልበት ያጥረዋል። በተለይ መሣሪያው ቆሽሾ ከሆነ፣ ወይም አየሩ ቀዝቅዞ ቅባቱ ከወፈረ። ከመሞከራችሁ በፊት ጠርጉት።

ጀማሪ ነኝ

ስለ ምላጭ ካነሳችሁ፦ የ457ቱን ምላጭ ራሴ ላቀልለው እችላለሁ? ብሎኑን አይቼዋለሁ፤ እጄ ግን ፈራ።

አንጋፋው

ልጄ፣ የፈራ እጅ ጥሩ እጅ ነው። ትችላለህ፤ ግን በሥርዓቱ።

ካዝናውን አውጣ። መቀባበያውን አውጣ። ቻምበሩን በዓይንህም በጣትህም እይ። ጥይት የሚባል ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ከዚያ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ብሎን ብቻ ንካ፣ በትንሽ በትንሹ እያዞርክ። በመንገድ ያገኘኸውን ቪዲዮ ሳይሆን መመሪያውን።

ከጨረስክ በኋላ ነው ዋናው ሥራ። መቀባበያውን መልሰህ በባዶው አቀባብል። በኃይል፣ ደጋግመህ ዝጋው። ራሱ ከተላቀቀ ምላጩ ከመጠን በላይ ቀሏል። ቀጥለህ የሰደፉን ጫፍ በጎማ መዶሻ ወይም በእጅህ መዳፍ ከየአቅጣጫው ምታው። አሁንም መላቀቅ የለበትም። የደህንነት ቁልፉን ዝጋና ምላጩን ሳብ፤ ከዚያ ምላጩን ለቅቀህ ቁልፉን ክፈተው። በዚያች ሰዓት ቢላቀቅ አደጋ ነው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካላለፈ ብሎኑን መልሰህ አጥብቀው ወይም ለባለሙያ ስጠው።

አንድ ሌላ። በባዶ የምትለማመድ ከሆነ የ.22 መምቻ የቀለሁን ጠርዝ የሚመታ ስለሆነ ባዶ ቻምበር ውስጥ የቻምበሩን ጠርዝ ሊያገኝ ይችላል። ግድግዳ ላይ ብሎን ለማሰር የሚገባው ቢጫ ፊሸር እንደ ቀለህ ሆኖ ያገለግላል። ሲመታ ሲመታ ይጎዳል፤ አዙረው፣ ከዚያ ጣለው።

ሀምሳ ሜትር

ጋሼ አንጋፋው ሲጽፉ ሌላው ዝም ይላል። አመሰግናለሁ።

ከሳቸው ጽሑፍ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች። ጠመንጃውን ፈትተው ሲመልሱ በስሜት የሚያጠብቁ ሰዎች አሉ። ዛሬ በጣም፣ ነገ በመጠኑ። እንጨት ሰደፍ ላይ ይህ ዒላማ የሚመታበትን ቦታ ይቀይራል። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ) ያዙና ሁሌ በአንድ ልክ አጥብቁ። የትኛው ልክ ነው የተሻለ የሚለው ላይ ሰው ይከራከር፤ አንድ ዓይነት መሆኑ ላይ ግን ክርክር የለም።

ቀለህ ሰብሳቢ

መጥረግ ላይስ ምን ትላላችሁ? ይህ ጥያቄ ሁሌ ጠብ ያስነሳል።

ብረት ወዳድ

ከእያንዳንዱ ተኩስ ቀን በኋላ።

የነፋስ ጠላት

ግሩፑ መስፋት ሲጀምር ብቻ።

አንጋፋው

ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላችሁ። የ.22 አረር እርሳስ ነው፤ በሰም ወይም በቅባት ተሸፍኖ ይመጣል። አፈሙዙ ውስጥ ያ ሰም ስስ ሽፋን ሲሠራ ነው ጠመንጃው የሚረጋጋው። ሙሉ በሙሉ ስታጸዳው የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይበተናሉ፤ ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ ነው። ስለዚህ ከውድድር በፊት ባለው ምሽት አፈሙዝ አይታጠብም። ግን ቻምበሩ ፊት ለፊት፣ ጥምዙ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ጠንካራ የካርበን ቀለበት ይሠራል። እሱ ዝም ሲባል ትክክለኛነትን ይበላል። እሱን ቶሎ ቶሎ ጥረግ፤ የቀረውን በልክ። ዘንጉን ደግሞ ከኋላ በኩል አስገባ። የአፈሙዙን ጫፍ በብረት ዘንግ የሚቦርሽ ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቆርጠኛል። አረሩ በመጨረሻ የሚለቀው ያንን ጫፍ ነው፤ እሱ ከተጫረ ሎት ቢመረጥ ምን ዋጋ አለው?

የነፋስ ጠላት

በ100 ሜትር የሚተኩስ ካለ አንድ ቁጥር ልተውለት። በ50 ሜትር የተስተካከለ ቀርፋፋ .22 በ100 ሜትር 20 ሳንቲሜትር ያህል ይወርዳል። በ200 ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ። ለዚህ ነው ርቀት የሚወዱ ሰዎች 25 ኤምኦኤ ወደታች የተዘነበለ ሐዲድ የሚያስሩት፤ መነጽሩ ወደላይ የሚቆጠርበት ቦታ እንዳያልቅበት። ለ50 ሜትር ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

በ100 ላይ ሌላ ጉድም ይወጣል። ሁለት ጥይቶች በፍጥነት በሴኮንድ 10 ሜትር ቢለያዩ በ50 ሜትር ልዩነቱ ከግማሽ ሳንቲሜትር ትንሽ በላይ ነው። በ100 ሜትር ግን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደላይና ወደታች ይራራቃሉ። ስለዚህ በ50 አሪፍ የነበረ ሎት በ100 ቁመቱ ተዘርግቶ ካገኛችሁት ነፋሱን አትርገሙ። ነፋስ በአብዛኛው ወደ ጎን ነው የሚጎትተው። ወደ ቁመት ከሆነ በአብዛኛው ፍጥነቱ ነው፤ ክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) ያለው ሰው ይለካው።

ጀማሪ ነኝ

ብዙ ተምሬያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ከዚያ ወደ ሜዳ ነው። ኤስኬና ሌላ ስታንዳርድ ፍጥነት ያለው ጥይት ይዣለሁ። ሚሊሜትር እንዳለው ተራ በተራ እያመላለስኩ ልሞክራቸው? ወይስ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር አፈሙዙን ልጥረግ?

ሚሊሜትር

አትጥረግ። ግን የእኔ ተራ በተራ የሚሠራው ሰማቸው ከሚመሳሰል ጥይቶች ጋር ነው፤ ለምሳሌ ከአንድ ስም ሁለት ሎት። የተለያየ ሰም ካላቸው አፈሙዙ አዲሱን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብሎክ በብሎክ ሂድ። ወደ ኤስኬው ስትሻገር የመጀመሪያዎቹን ከአሥር እስከ ሃያ ጥይቶች ሳትለካ አፈር ውስጥ ልቀቃቸው። ከዚያ ግሩፖችህን ተኩስ። ወደ ሌላው ስትሄድም እንደዚያው። ሌላ ቀን ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ ድገመው። ሎቱን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍ፤ የነፋሱንም ሁኔታ።

ቀለህ ሰብሳቢ

ሳጥኑንም አትጣል።